የኦቦ አማን ቤት አስራ ስድስት ምሰሶዎች

ከጎባ በላይ፣ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ትቶ በስተግራ ለሚታጠፍ ሰው፣ ዛሬ ገብስ የሚዘራበት አንድ ማሳ አለ። እዚያ ማሳ ላይ ቤት ነበር። ሳሩን ያወረዱት ሌሎች ናቸው፤ መጋዝ የያዙት ሌሎች ናቸው፤ ትእዛዙን የሰጠውም ሌላ ሰው ነው። እኔ የተናገርኩት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ይኸው ልጅ ድሬ፣ አርጅቼ፣ እነዚያ ቃላት ዛሬም ያናድዱኛል።

እንድጽፈው ያደረገኝ ባለፈው ሰሞን ሮቤ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። አንድ ሸጋ ወጣት መሐንዲስ ተነስቶ፣ «በዚህ አካባቢ ገጠር ታሪካዊ ሊባል የሚችል ቤት የለም፤ ያለው ጎጆ ብቻ ነው» አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ። የለም ማለት አንድ ነገር ነው። ነበር፣ አጠፋነው ማለት ሌላ ነገር ነው። በልጁ አልፈርድም፤ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ እኔ ልንገረው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የጎባ ልጅ ነኝ። አያቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ አባቴ ወልዴ አናጺ ነበር። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ኦሮምኛ እያወራሁ አድጌ፣ አዲስ አበባ ከአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በንድፍ ሥራ ተመረቅሁና ሮቤ ካለ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መሬት መለካት፣ ችካል መትከልና ንድፍ መሥራት ነበር። ደመወዝተኛ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ የምሄድ፣ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ የተቀረጸ እርሳስ የማይጠፋ ልጅ ነበርኩ።

ስለዚያ ትምህርት ቤት አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ይፈለጋል። የንድፍ አስተማሪያችን ከውጭ የመጣ ትልቅ መጽሐፍ ነበረው። መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣራው ተስሏል። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት ስንገለብጥ ኖርን። ወፍራም ወፍራም ምሰሶዎቹን፣ ያለ ምስማር በእንጨት ችንካር የተያያዙትን ማገሮች፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበትን ረጅም ክፍል ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችል ነበር። የአገሩ አናጺዎች የቱ እንጨት ከየቱ እንደሚገጥም እንዳይጠፋቸው በየምሰሶው ላይ በመሮ ምልክት ይቆርጡ እንደነበርም ተምረናል። አስተማሪያችን፣ «ይህ ቤት ብዙ መቶ ዓመት ቆሟል፤ ባለቤቱ ራሱ አንዲት መስኮት ልቀይር ቢል ሕግ ይከለክለዋል» ይለን ነበር። እኛ እንስቃለን። ለገበሬ ቤት ይህ ሁሉ ክብር ምን ይባላል?

የመንደር ምስረታው ዘመቻ ባሌ ሲደርስ ትእዛዙ አጭር ነበር። በየጋራው ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር ወደ ተሠራ አዲስ መንደር ይግባ። መስመሩን የማሰምረው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ደጃፍ ወደ መንገዱ ይዙር ተብሏል፤ ነፋሱ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጓድ አስፋው ጠራኝ። የዘመቻው አስተባባሪ ነበር፤ ካኪ ሱሪው ላይ የካውያ መስመር የማይጠፋ፣ ሲቆጣ እንኳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው።

«ከጎባ በላይ ኦቦ አማን የሚባሉ ሽማግሌ ያሉበት ሰፈር አለ» አለኝ። «አስራ ስድስት አባወራ ነው። ረቡዕ ይነሳል። ሂድና ቤቶቹን አይተህ፣ የሚወጣውን እንጨት ጽፈህ አምጣልኝ።»

ሄድኩ። አስራ አምስቱ ቤቶች ከቀርከሃና ከቀጫጭን እንጨት የተሠሩ ትናንሽ ጎጆዎች ነበሩ፤ እነሱን ጽፌ ለመጨረስ ሰዓት አልፈጀብኝም። አስራ ስድስተኛው ዘንድ ስደርስ ግን ሜትሬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ ሞላላ ነው። ሳር ክዳኑ ወርዶ ወርዶ የሰው ወገብ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግድግዳው ተሰንጥቆ የቆመ የጥድ ሳንቃ ነው። በሩ ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ያያል። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ያዩኛል።

«አከም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። «የማን ልጅ ነህ?»

«የአናጺው የወልዴ ልጅ ነኝ፣ ኦቦ።»

«የጎባው ወልዴ?» አሉና የበሩን መዝጊያ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄን የሠራው አባትህ ነው። አራት ቀን እዚሁ አደረ። አንዲት ምስማር ምሰሶው ላይ እንዲመታ አልፈቀድኩለትም። ተጣልተን ልንለያይ ነበር።» ሳቁ። «ግባ፣ ግባ።»

ያንን ቀን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ነገር እያስነኩ አሳዩኝ። በግድግዳው ዙሪያ አስራ ሁለት፣ መሐል ላይ አራት የጥድ ምሰሶ አለ። አንዱም መሬት ውስጥ አልተቀበረም፤ ሁሉም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የቆሙት። ለዚህ ነው በአያታቸው ጊዜ የቆመ እንጨት እስካሁን እግሩ ያልበሰበሰ። ምድጃው መካከል ላይ ነው፤ ጭሱ ጣራው ውስጥ ሲዞር ቆይቶ በሳሩ መሐል ይወጣል፤ ወራጁን አጥቁሮታል፣ ነቀዝም አላስቀረበውም። በግራ በኩል ጥጆችና ፈረስ ያድራሉ፤ ከነሱ በላይ በቀርከሃ የተሠራ ቆጥ አለ፣ ገብሱ የከብቶቹ ትንፋሽ በሚያሞቀው ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። እንግሊዙ ገበሬ ያሰበውን ሁሉ የኦቦ አማን አያት አስበውታል። እንዲያውም ነፋሱን በተመለከተ ሳይበልጡት አልቀሩም።

«ለምንድነው ይህን ያህል ትልቅ የሆነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የኔ ብቻ ስላልሆነ ነዋ። ሰርጉም እዚህ ነው፣ ዱዓውም እዚህ ነው፣ ለቅሶውም። ሰው ሲጣላ የሚታረቀው እዚህ ነው። ቤት የተቃጠለበት ሰው ሌላ እስኪሠራ የሚያድረው እዚህ ነው።» ከዚያ አንዱ ምሰሶ ሥር ቁጢጥ አሉ። «ና፣ ይሄን እየው።»

ከምሰሶው እግር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በእሳት የተተኮሰ ምልክት አለ። የቁራ እግር ይመስላል።

«ይሄ የቃሲም ቤተሰብ ነው» አሉኝ። «ከብታቸውን የሚተኩሱበት ብረት ነው። የዚያኛው ደግሞ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ የታች ሰፈሮቹ። ይሄ ባለ ሁለት ሰረዙ የኔ። ቤቱ ሲሠራ እያንዳንዱ ጎረቤት አንዳንድ ምሰሶ አመጣ፤ ብረቱን አግሎ እንደ ከብቱ ተኮሰው። የሰጡን አይደለም፣ ያዋሱን ነው። ቤቱ የፈረሰ ቀን ሁሉም የራሱን ይወስዳል። ምስማር ያልፈቀድኩት ለዚህ ነው፤ የሰው ዕቃ እንዴት ይበሳል?»

«ታዲያ ለእርስዎ ምን ሊቀር ነው?»

«አንድ» አሉ፣ ባለ ሁለት ሰረዙን እየነኩ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ስማ ኢልማ ኮ። የጎረቤቶቼን ጎጆ አይተሃል። ያ ቀጭን እንጨት ሲፈርስ ይሰባበራል። ጫካ ገብቶ መቁረጥ ተከልክሏል። ረቡዕ ስንወጣ አዲሱ ቦታ ላይ ጎጆ ሊያቆምልን የሚችለው ይሄ ምሰሶ ብቻ ነው። ለያንዳንዱ ቤት አንዳንድ። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ይሄን ጻፍልን።»

«እጽፋለሁ» አልኳቸው። የምሬን ነበር።

ባለቤታቸው አደ ሶፊያ የገብስ ቂንጬ በቅቤ አቅርበውልኝ፣ እየበላሁ ስል፣ እየሳልኩ ስበላ ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮልኝ የሠራሁት ንድፍ የለም። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ለክቼ፣ ከየእግራቸው ሥር የየቤተሰቡን ምልክት አሳምሬ ገለበጥኩ። እየሠራሁ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህን ንድፍ ያየ ሰው ቤቱን ለማፍረስ አይጨክንም ብዬ አሰብኩ። ክሊኒክ ይሁን ይሉ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ይሁን ይሉ ይሆናል። ሞኝነቴን ተመልከቱ። ቆንጆ ነገርን ቆንጆ አድርጎ መሳል የሚያድነው መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ንድፉን ጓድ አስፋው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መነጽሩን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንተ ነህ የሠራኸው? ጎበዝ ነህ» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

«ጓድ፣ ይህ ቤት ባይፈርስ ጥሩ ነው። እዚሁ ቆሞ ለክሊኒክ ወይም ...»

«ምሰሶው ስንት ነው?»

«አስራ ስድስት።»

«ጥድ ነው?»

«ጥድ ነው።»

«ርዝመቱ?»

«ሦስት ሜትር ከሰማንያ።»

ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት አወጣ። ከአንድ ወር በፊት የሠራሁት የአዲሱ መንደር መሰብሰቢያ አዳራሽ ንድፍ ነው። ጣቱን በራሴ ጽሕፈት ላይ አሳረፈ። አስራ አራት ምሰሶ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር ከሃያ።

«ለዚህ እንጨት የት አባቴ አገኛለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለ። «ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሁለቱ ለመንደሩ መግቢያ ይሆናሉ፤ መፈክር ይሰቀልባቸዋል።»

«ጓድ፣ ምሰሶዎቹ እኮ የሽማግሌው አይደሉም። የጎረቤቶቹ ናቸው። አዲሱ ቦታ ላይ ጎጆ የሚያቆሙባቸው ...»

«ባለ አስራ ስድስት ምሰሶ ቤት የሚኖር ሰው ገበሬ አይባልም። የባላባት ርዝራዥ ነው። የባላባት ንብረት ደግሞ ለሕዝብ ይውላል። የጎረቤቶቹ መሆኑ ማስረጃ አለው?»

ምልክቶቹን ላሳየው ጣቴን ስዘረጋ ወረቀቱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተው። «ነገ አብረን እንሄዳለን። እዚያው እናጣራዋለን።»

ስለ ቤቱ ማንም የማያውቀውን ዝርዝር ጽፌ፣ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለክቼ፣ አሳምሬ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አስራ አምስት ጎጆ ብቻ ጽፌ አንድ ትልቅ ጎጆ ብዬ ባልፍ ኖሮ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ያም ሆኖ ገና ረቡዕ አለ ብዬ ተጽናናሁ። እናጣራለን ብሏል፤ ሲያጣሩ እናገራለሁ።

ረቡዕ ከጓድ አስፋውና ከሦስት ሚሊሺያዎች ጋር ስንደርስ ሳሩ ወርዷል። ወራጁ ወርዷል፣ ሳንቃው ተነቅሏል፣ የአባቴ መዝጊያ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጥቁር ጥቁር ምሰሶዎቹ ብቻ፣ በማገር እንደተያያዙ፣ ድንጋያቸው ላይ ቆመዋል። በእያንዳንዱ ምሰሶ አጠገብ አንድ አባወራ ገመድና ፈረስ ይዞ ይጠብቃል። ሴቶቹ የቤት ዕቃቸውን ሸክፈው ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። ተራራው ላይ ዳመና ከብዷል።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ገመድ?» አለ ጓድ አስፋው።

ባለ ቁራ እግሩ ምሰሶ አጠገብ የቆመው ጎልማሳ ኮፍያውን አወለቀ። ቃሲም ነበር። «ጓድ፣ የራሳችንን እየወሰድን ነው። ቤት ሲፈርስ ሁሉም የራሱን ይወስዳል። ምልክታችን እግሩ ላይ አለ። ከብቶቼን አምጥቼ ላሳይዎት፣ ዋላሂ አንድ ነው።»

ጓድ አስፋው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀጥሎ ወዳለው ሄደ፣ እሱንም አየ። ከዚያ ንድፌን ዘረጋና ምልክቶቹን በየእግራቸው ሥር አገኛቸው። ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ፤ ገብቶታል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ወደ እኔ መጣና ክንዴን ይዞ ሁለት እርምጃ ያህል ከሰው ነጠለኝ።

«ንድፉ ላይም አስገብተሃቸዋል» አለኝ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አሁን ሕዝቡ ፊት እጠይቅሃለሁ። ከባላባት ርዝራዥ ጋር ተመካክሮ የሐሰት ማስረጃ የሠራ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃለህ። የአናጺ ምልክት ናቸው ካልክ ግን ነገሩ እዚሁ ያልቃል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሰዉ ዞረ። «ባለሙያው እዚህ አለ። እሱ ይናገር። እነዚህ ምልክቶች ምንድናቸው?»

አስራ ስድስት አባወራ አየኝ። ፈረስ ሲያንኮራፋ ይሰማል። ኦቦ አማን ከመሐለኛው ምሰሶ ዘንድ ሆነው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ለስለስ አድርገው፣ «ዱጋ ዱበዱ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። እውነቱን ተናገር ልጄ ማለታቸው ነው። በዓይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም። እንደምናገር እርግጠኛ ነበሩ።

አባቴን አሰብኩ፣ ሥራዬን አሰብኩ፣ ጎባ ውስጥ ከቤት ተጠርተው ወጥተው ያልተመለሱትን አሰብኩ። ከዚያ ያ መጽሐፍ፣ ያ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ምላሴ ላይ ደረሰ።

«የአናጺ ምልክቶች ናቸው» አልኩ። «እንጨቱ ሲገጣጠም እንዳይሳሳቱ የሚያደርጉት። በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው።»

ቃሲም ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ኦቦ አማን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ምሰሶውን ማየት ጀመሩ። የእንግሊዝ አገር ብዬ መጨመሬ ለምን ነበር? ማን ጠየቀኝ? ውሸቱ እንዲያምር ነው። ውሸትም እንደ ንድፍ እንዲያምርልኝ ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ አለቀ። አዳራሹ የሚፈልገው ሦስት ሜትር ከሃያ ስለሆነ፣ ምሰሶው ሳይጫን እዚያው ይቆረጥ ተባለ። ጭነት ይቀላል አሉ። ከየትኛው ጫፍ ይቆረጥ ሲባል፣ አናቱ ለማገር የተቦረቦረ ስለሆነ ከእግሩ ተባለ። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ለክቶ መስመሩን የሚያሰምር ሰው ተፈለገ። በኪሱ የተቀረጸ እርሳስ የማይጠፋው ሰው እኔ ነበርኩ። አስራ ስድስቱንም አሰመርኩ። ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ሲመጣና ሲሄድ፣ የቁራው እግር፣ ግማሹ ጨረቃ፣ ሁለቱ ሰረዝ፣ ሁሉም ከምሰሶው ተለይቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። የጥዱ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አደ ሶፊያ ተነሱ። ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ፈረሳቸው ላይ ወዳለው ስልቻ መክተት ጀመሩ። አንዱ ሚሊሺያ ሊከለክላቸው ሲል ጓድ አስፋው እጁን አወዛወዘ።

«ተዋቸው፣ ለማገዶ ይውሰዱት» አለ። ቸርነት ማድረጉ ነበር።

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን ገባ። በአዲሱ መንደር አስራ ስድስቱ አባወራዎች በተሰባበረ ቀርከሃና በጆንያ የቻሉትን አቆሙ። ደጃፉ ሁሉ እኔ ባሰመርኩት መስመር ወደ መንገዱ፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ተራራው ነፋስ ዞሯል። ምድጃ ላይ እሳት አይቆይም፤ ሕፃናቱ ክረምቱን ሲስሉ ከረሙ። የቃሲም እናት ያንን ክረምት አልወጡትም። አዳራሹ ግን አማረ። በወር ሁለት ጊዜ ስብሰባ ይደረግበታል፤ በቀረው ቀን ተቆልፎ ባዶውን ይውላል። ደረቅ ቤት ለስብሰባ፣ እርጥብ ቤት ለሕፃናት። ይህን የፈጸምነው ደግሞ በሕዝብ ስም ነው።

ለአባቴ ነገርኩት። ሲልግ የነበረውን ሳንቃ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቤት ከእኔ ጋር አንስቶ አያውቅም። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅሁ፤ ኋላ የምኖርበትን እንጀራ ያገኘሁት በዚያው በአባቴ መሮና መጋዝ ነው።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ሲለወጥ በየመንደሩ የነበረው ሕዝብ ወደ ቀድሞ መሬቱ መመለስ ጀመረ። የኦቦ አማን ሰፈር ሰዎች አዳራሹን ሊያፈርሱ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ንድፉን ለጓድ አስፋው ከመስጠቴ በፊት ለራሴ ያስቀረሁት ግልባጭ እኔ ጋ ነበር። ሳጥኔ ግርጌ አስቀምጬው በየዓመቱ አወጣው ነበር። ምልክቶቹ ተቆርጠዋል፤ የቱ ምሰሶ የማን እንደሆነ፣ የአንጓውንም የስንጥቁንም ቦታ ሳይቀር የያዘው ያ ወረቀት ብቻ ነው። በስተመጨረሻ የምክስበት ቀን መጣ አልኩ። ወረቀቱን ደረቴ ሥር ይዤ፣ በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ።

ስደርስ አዳራሹ ፈርሷል። ምሰሶዎቹ፣ የመንደሩ መግቢያ ሁለቱ ሳይቀሩ፣ ሣሩ ላይ በተርታ ተጋድመዋል። ኦቦ አማን በጣም አርጅተው፣ ከዘራ ተመርኩዘው ቆመዋል። ከአጠገባቸው አደ ሶፊያ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያ ስልቻ ተከፍቷል። ቃሲም ከስልቻው የቁራ እግር ያለበትን ቁራጭ አነሳና ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው እየሄደ ገጠመው። ሦስተኛው ላይ የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበቶች ከቀለበቶቹ ጋር፣ ስንጥቁ ከስንጥቁ ጋር ልክክ አለ። ቃሲም ፈገግ ብሎ ገመዱን አነሳ።

ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ብርድ። እሳት የማይቆይበት ጎጆ ውስጥ አደ ሶፊያ አስራ ስድስት ደረቅ የጥድ ቁራጭ ይዘው፣ አንዱን እንኳን ምድጃ ውስጥ አልጨመሩም።

ኦቦ አማን አዩኝ። ወዲያው ነው ያወቁኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። «ኦቦ፣ ንድፉ ይኸው። ሁሉም ምልክት አለበት። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ብዬ ...»

ወስደው ዘረጉት። ቤታቸውን አዩት፤ ምድጃውን፣ ቆጡን፣ ቁልቁል የሚያየውን በር። ጣታቸውን ባለ ሁለት ሰረዙ ላይ ጥቂት አቆዩት። ከዚያ ጠቅልለው መለሱልኝ።

«አምሮልሃል» አሉ። ቁጣ የለበትም፣ ይቅርታም የለበትም። «ግን ወረቀት አንፈልግም ነበር፣ ኢልማ ኮ። እንጨቱ ራሱ ባለቤቱን ያውቃል። ያን ቀን የፈለግነው አፍህን ነበር።»

ከዚያ ዞረው የራሳቸውን ቁራጭ ሊገጥሙ ሄዱ። እያንዳንዱ የራሱን ምሰሶ ጭኖ ወደ ቀድሞ መሬቱ ወጣ፤ ኦቦ አማንም በዚያች በአንዷ ምሰሶ ላይ ትንሽ ጎጆ ሠርተው ኖሩባት። ትልቁ ቤት ግን ተመልሶ አልቆመም። በአጭር ምሰሶ ያንን ቤት ማቆም አይቻልም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በየቢሮው ማስመሪያና ማኅተም የያዛችሁ፣ ታዝዤ ነው የምትለዋን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቃት ስለሌለ አትንገሩኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁትም ነገር እውነተኛ ነበር። ያም ሆኖ ከፍርሃቴ ይልቅ የሚያናድደኝ እውቀቴን ለፍርሃቴ መሣሪያ ማድረጌ ነው። ያልተማረ ሰው ቢሆን አላውቅም ብሎ ዝም ይል ነበር። የሰው አገር ገበሬ ቤት አንዲት መስኮት እንደምትከበር ተምሬ መጥቼ፣ ያንኑ ትምህርት የአገሬን ገበሬ ቤት ለማፍረስ ያዋልኩት እኔ ነኝ። እና አንተ ወጣት መሐንዲስ፣ ታሪካዊ ቤት አልነበረም አትበል። ለመለካት ስትሄድ ደግሞ እንደ እኔ ርዝመቱን ብቻ ይዘህ አትመለስ።

ንድፉ ዛሬ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። በየምልክቱ አጠገብ የየቤተሰቡን ስም ጽፌበታለሁ። ከግርጌው ደግሞ፣ በዚያው እርሳስ፣ ያን ረቡዕ ልናገር ይገባኝ የነበረውን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፦ «እነዚህ ምልክቶች የአናጺ አይደሉም። ምሰሶዎቹ የአስራ ስድስት ቤተሰብ ናቸው።»